ያልቀበርሁት አሞሌ

የጡረታ ደብዳቤዬ የተጻፈው በሰኔ ነው። ማኅተሙም፣ ፊርማውም፣ «ለረጅም ዘመን ስላበረከቱት አገልግሎት» የሚለው ሐረግም በየቦታው አለ። ሠራተኛው አዋጥቶ ጋቢ አለበሰኝ፤ አለቃችን ንግግር አደረገ፤ እኔም ጥቂት አለቀስሁ። ነገር ግን እውነቱን ልናገርና፣ ያን ዕለት ጡረታ አልወጣሁም። የወጣሁት በተከታዩ መጋቢት፣ በከተማችን ሐኪም ቤት ጓሮ ካለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ያሰናበተችኝም አለቃ ሳትሆን አንዲት ልብስ አጣቢ ናት። ይህን ለማስረዳት ወደ ጣሊያን ዘመን መመለስ አለብኝ።

እኔ ይሁኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሆናለሁ ብዬ አልተነሣሁም። ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ አኩፋዳዬን አንግቼ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያልሁ ያደግሁ ተማሪ ነኝ። ጣሊያን ሲገባ ጉባኤው ተበተነ፤ መምህራችን ወደ ገዳም፣ ከጓደኞቼ የሚበዙት ወደ ጫካ ሄዱ። እኔ ግን ደካማ እናቴን የምጦር አንድ ልጅ ስለሆንሁ እንጀራ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ መጣሁ። ያገኘሁትም ሥራ የባሕር ዛፍ ምሰሶ መሸከም ነበር። ጣሊያኖቹ ለጦር ሰፈራቸውና ለሐኪም ቤታቸው መብራት ሊያስገቡ፣ ትልቅ ሞተር በመኪና አምጥተው ተክለዋል።

ከሸክም ያወጣኝ የእጅ ጽሕፈቴ ነው። አንድ ቀን ዕረፍት ላይ ምሰሶዎቹን በከሰል «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያልሁ ስቆጥራቸው ከኋላዬ አንድ ሰው ቆሞ ያየኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራ እጁን ከኮቱ ኪስ የማያወጣ ሰው ነው። «ማንበብም ትችላለህ?» አለኝ። «ዳዊት ደግሜያለሁ፣ ቅኔም ጀምሬ ነበር» ብል ፈገግ አለና «እኔ የማስነብብህ ከዳዊት ያጠረ ነው፤ ብትሳሳትበት ግን ይገድላል» አለኝ። አያ ፍስሐዬ ይባላሉ፤ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ጣሊያኖቹ በሙያቸው ይዘዋቸው የመጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መምህሬ ሆኑ።

ስለ ደሞዙ ብዙ የሚወራ የለም፤ እናቴንና እኔን ከረኀብ አወጣን፤ ያ ይበቃል። ስሙ ግን ከበደን። ሰፈርተኛው «የጣሊያን ጧፍ ለኳሽ» አለኝ። አጎቴ ጮቄ ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ነበርና፣ «በሉት ያንን ልጅ፣ ባገኘው አምፑሉን ራሱ ላይ ነው የምሰብርለት» ብሎ ልኮብኛል። አልዋሽም፣ አፍር ነበር። ግን ሌላም ነገር ነበረኝ። ሙያው ራሱ ሲገባኝ፣ ቅኔ ሲገባኝ የሚሰማኝ ዓይነት ደስታ ይሰማኝ ነበር። ማፈሩና መደሰቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተጋፍተው አብረው ከረሙ።

የመጀመሪያ ትምህርቴ የተሰጠው በምሳ ሰዓት ነው። አያ ፍስሐዬ ከኪሳቸው የእጅ ባትሪ ድንጋይ፣ ቁራጭ ሽቦና የሽምብራ ፍሬ የምታክል አምፑል አወጡና «አብራት» አሉኝ። ሽቦውን ከድንጋዩ ራስ አነሣሁና ከአምፑሏ ቂጥ አስነካሁ። ዝም አለች። ገፋሁ፣ ጠመዘዝሁ፣ ተፋሁባት ማለት ይቻላል።

«ምን ጎደላት?» አሉኝ።

«ኃይል አነሳት መሰለኝ፣ አያ።»

ሳቁና ሁለተኛ ሽቦ ጨመሩልኝ፤ ከአምፑሏ ጎን ተነሥቶ ወደ ድንጋዩ ግርጌ የሚመለስ። ያን ጊዜ ቦግ አለች። «ስማ ወዲ» አሉኝ፤ በአገራቸው ልጅን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ኮረንቲ ወንዝ አይደለም። ወንዝ ሄዶ ይቀራል። ይኼ ግን የሚመለስበት ከሌለው መጀመሪያውኑም አይነሣም።» ቀጥለው በአንገቴ ያለውን መቁጠሪያ አሳዩኝ። «ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ምን ይሆናል?»

«ፍሬው ሁሉ ይረግፋል።»

«አዎ። ማብሪያ ማጥፊያ የምንለው ያንን ክር ሲያሻን የሚያለያይ፣ ሲያሻን የሚገጥም ነው። ሌላ ተአምር የለውም።»

እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት። ቀጭን ሽቦ ለምን እንደሚግል ሲነግሩኝ የጥምቀት ሕዝብ በጠባብ በር ሲጋፋ አሳዩኝ። መንገዱ ሲጠብ ግፊያው ያሞቃል፤ አምፑል ውስጥ ያለችው ጭራ ያን ግለት ችላ ታበራለች፤ ባልቦላ በምንለው ፊውዝ ውስጥ ያለችው ግን ከመጠን ሲያልፍባት ቀልጣ ትበጠሳለች። «ባልቦላ ታማኝ ዘበኛ ነው፤ ራሱ ሞቶ ቤት ያድናል» ይሉ ነበር። ባልቦላ ተቃጠለ ብሎ በምስማር የሚተካ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ሹም እንዲህ ሲያደርግ አግኝተው፣ ጣሊያን ነው ሳይሉ ምስማሩን ነቅለው ከመዳፉ ላይ አኖሩለት።

መቁጠሪያዋ ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሠርታኛለች። የመኮንኖቹን ምግብ ቤት ብቻዬን እንድሠራ ተፈቀደልኝና ስድስቱን አምፑል በአንድ ክር፣ አንዱን ካንዱ እያስከተልሁ ደረደርኋቸው። ማብሪያውን ስጫን ስድስቱም ሊጠፋ እንደ ደረሰ ፍም ቀልተው ቀሩ። የሞተር ቤቱ አለቃ፣ ካፖ የምንለው ጣሊያን፣ ጮኸ። አያ ፍስሐዬ ግን ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ስድስት ምእመን በአንድ መቁጠሪያ ይጸልያል እንዴ? ለእያንዳንዱ የራሱን መሄጃና መመለሻ ስጠው እንጂ!» በማግስቱ ፈትቼ ሁሉንም ከዋናው ሁለት ሽቦ ለየብቻ አገናኘኋቸው፤ ስድስቱም እኩል ደመቁ። አንዱን ብነቅለው አምስቱ አልተናወጡም። ያን ቀን እንደ ጎበዝ ተንጎራደድሁ።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን ሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው፣ የጨረሱትን ሥራ ሳይነኩ አያስረክቡም። ሞተር ይሁን ፓምፕ፣ ብረቱን በቀኝ እጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ ግራቸው ኪስ ውስጥ ነው። «ለምን በጀርባው?» ብላቸው «ኮረንቲ ሲይዝህ እጅህ ይጨበጣል። በመዳፍህ ከነካህ ጨብጠኸው ትቀራለህ፤ በጀርባው ከነካህ ግን መጨበጡ ራሱ ያላቅቅሃል» አሉኝ። ግራው ኪስ የሚገባው ደግሞ ኮረንቲው በአንዱ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልብ በኩል እንዳያልፍ ነው። ሁለተኛው፣ አፈር ይቀምሳሉ። ይህን በኋላ ትረዱታላችሁ።

በሁለተኛው ክረምት ለሐኪም ቤቱ ጓሮ በኮረንቲ የሚሠራ የውኃ ፓምፕ መጣ። አያ ፍስሐዬ ተከሉት፤ የመሬቱ ሥራ ሲቀር ግን ካፖው ለአንድ ወር ወደ ቡሬ አዘዛቸው። ከመሄዳቸው በፊት ፓምፑ አጠገብ አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ። «ሽቦ እንደ ሰው ልብሱ ያረጃል። አንድ ቀን ልብሱ ሲቀደድ ኮረንቲው ወደዚህ ብረት ይወጣና የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። ሰው ከመምጣቱ በፊት እኛ ሌላ መንገድ እንሰጠዋለን። ከብረቱ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አውርደን መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ጠፍጣፋ ጋር እናስረዋለን። መንገዱ ሰፊ ከሆነ ኮረንቲው በዚያ በኩል ይጎርፋል፤ ጎርፉን ባልቦላው አይችለውም፣ ይቀልጣል፤ ፓምፑም ይቆማል፤ ሰውም ይተርፋል። መንገዱ ሰፊ የሚሆነው ግን መሬቱ እርጥብ ሲሆን ነው። ስለዚህ የሰው ቁመት ያህል ትቆፍራለህ፤ ከሰል ትደለድላለህ፤ በየድርቡ ጨው ትነሰንሳለህ። ጨው እርጥበትን ይይዛል፤ ኮረንቲም ያሳልፋል።» ከዚያ ከዕቃ ቤት ያስወጡትን ሁለት አሞሌ ጨው አስታቀፉኝ። በጥምቀት ዕለት የሰጡኝ የራሳቸው ፒንሳም በወገቤ ነበር።

አሁን ያን ጊዜ ጨው ምን እንደነበር ላስታውሳችሁ። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ አሞሌ ከሰሜን አይመጣም። ገበያ የወጣ ሰው እፍኝ ጨው ካገኘ በኩታው ጫፍ ቋጥሮ፣ ሸሽጎ ነው የሚገባ። እኔ ደግሞ ሁለት ሙሉ አሞሌ ታቅፌ መሬት ልቀብር ነው።

ጉድጓዱን ስቆፍር አንጓች መጣች። አንጓች የሐኪም ቤቱ ልብስ አጣቢ ናት፤ በዕድሜ ጥቂት ትበልጠኛለችና እታለም እላታለሁ። ባሏ ጫካ ገብቶ አልተመለሰም፤ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። አሞሌውን ስታይ ዓይኗ እሱ ላይ ቀረ።

«ይኼ ምን ሊሆን ነው?»

«እዚህ ይቀበራል።»

«ማርያምን! ጨው ይቀበራል? ጣሊያን አበደ በሉኛ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኛ ቤት ጨው የነካው ወጥ ከተበላ ሁለት ወሩ። ትንሹ ልጄ አንዴ ይቀምስና እንጀራውን ይገፋል። ምን ላድርገው፣ ልጁ ከስቶ አለቀብኝ።»

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን የለማኝ ተማሪ ነበርሁ። ከደብረ ኤልያስ ዙሪያ ባሉት ቀዬዎች አኩፋዳዬን የሞሉልኝ እንደ አንጓች ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው። ያን ሁሉ ቁራሽ የበላ ሰው ሴትዮዋ ፊት ጨው እንዴት ይቀብራል? ቢሆንም ሥራዬን አልናቅሁም፤ መጀመሪያ ሞከርሁ። ጠፍጣፋውን በከሰል ብቻ ቀበርሁና አንድ አምፑል ወስጄ አንዱን ጫፍ ኮረንቲ ካለው ሽቦ፣ ሌላውን ከመሬቱ ሽቦ ጋር አገናኘሁ። መሬቱ ጥሩ መንገድ ከሆነ አምፑሉ ይደምቃል፤ መጥፎ ከሆነ ይደበዝዛል። መለኪያችን እሱ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው፤ አፈሩ ሲረግጡት ውኃ ይተፋል። አምፑሉ ዓይን እስኪወጋ በራ።

እንግዲህ ያለ ጨውም ሠራ አልሁና ሁለቱንም አሞሌ በነጠላዋ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልኋት። ያን ዕለት እንደ ጻድቅ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

አያ ፍስሐዬ ሲመለሱ አምፑሉን ይዘው ሞከሩት፤ ደመቀ። «ጨዉን እንዳልሁህ አደረግህ?» አሉ።

«አዎን፣ አያ።»

ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። መስጠቱ አንድ ነገር ነው፤ መዋሸቱ ሌላ። እውነቱን ብነግራቸው ሌላ ዘዴ ይፈልጉ ነበር። እርሳቸው ግን አመኑኝና አፈሩን ሳይቀምሱ «በየወሩ መጀመሪያ ሞክረው፤ የአንተ ነው» ብለው አስረከቡኝ። በመስከረምና በጥቅምት ደመቀ። ኅዳር ላይ ትንሽ የቀላ መሰለኝ፤ ሞተሩ ደክሞት ይሆናል አልሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራ በዛና መሞከሩን ተውሁት።

መጋቢት መጣ፤ ጾሙ እየገፋ፣ መሬቱ እየተሰነጠቀ። አንድ ጧት ከሕሙማኑ ክፍል ማብሪያ ስጠግን ከጓሮ ጩኸት ሰማሁ። በመስኮት ሳይ አንጓች እርጥብ ድንጋይ ላይ ቆማ ፓምፑን በቀኝ እጇ ጨብጣለች፤ መልቀቅ አቅቷት ትንቀጠቀጣለች። ዘበኛው ሊያላቅቃት ሲይዛት እሱም ተወረወረ። «ሰውን አትያዝ፣ መንገዱን ቁረጥ» ይሉ ነበር አያ ፍስሐዬ። ወደ እርሷ ሳይሆን በተቃራኒው ሮጥሁና ትልቁን ማጥፊያ ሳብሁ። እርሷ ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ስደርስ ትተነፍሳለች። መዳፏ ግን ነድዶ ነበር።

አያ ፍስሐዬ መጥተው የመሞከሪያዋን አምፑል ከኪሳቸው አወጡ። ከመሬቱ ሽቦ ጋር ሲያገናኟት እንደዚያች የምግብ ቤት ቀን ቀላች እንጂ አልበራችም። የፓምፑ ሽቦ ልብሱ ተቀድዶ ኮረንቲው ወደ ብረቱ ወጥቷል። መሬቱ ደርቆ መንገዱ ስለጠበበም ባልቦላውን የሚያቀልጥ ያህል አላለፈም። ሰፊ መንገድ ያጣው ኮረንቲ አንጓችን ጠብቆ አገኛት። አያ ፍስሐዬ አካፋ አንሥተው ራሳቸው ቆፈሩ። ከሰሉ ጋ ሲደርሱ ከሥሩ አፈር ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። አጣጥመው ተፉት።

«ጨዉ የት አለ?»

«ለእርሷ ሰጠኋት» አልሁ፤ ወደ ወደቀችበት ድንጋይ እያሳየሁ።

ቢመቱኝ በወደድሁ። እርሳቸው ግን አካፋውን ጥለው ወደ ኪሳቸው የመለሷትን ግራ እጃቸውን አወጡ፤ ያለ ሥራ ስትወጣ ያየኋት ያን ቀን ነው። ዘረጓትና «ፒንሳዬን» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ካፖው ሲጠይቃቸው «ሽቦው አርጅቷል፤ መሬቱም ደርቋል፤ ያላየሁት እኔ ነኝ» ብለው የወር ደሞዝ ተቀጡ። ስሜን አላነሡም። ያ ከጅራፍ ይልቅ ለበለበኝ።

ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው አንጓች ወደተኛችበት ገባሁና ሁሉንም ነገርኋት፤ አሞሌው ለምን እንደነበር፣ እኔ ምን እንደዋሸሁ። እጇ እስከ ክርኗ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቿ ዳግም እንደማይዘረጉ ነግሯታል።

«ታዲያ» አለች፣ «ጨዉን ላለመቅበር ብለህ እኔን ልትቀብረኝ ነበር?»

እርሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ። ቆይታ ደግሞ «ልጆቼ ግን በልተውታል። ከሆዳቸው አላወጣው» አለችና በደህናው እጇ ፊቷን ጠረገች። «አሁን ማን ነው የሚያበጀው?»

«እኔ እንጃ። ፒንሳዬን ተቀምቻለሁ።»

«እኔን እጄን አሳጥተህ አንተ እጅህን አጣጥፈህ ልትቀመጥ ነው? ወጊድ! ተነሣ፣ ሂድ!»

ሄድሁ። አያ ፍስሐዬ ፊት ቆሜ «እኔ ልቆፍረው» አልኋቸው። «ጨው ከዕቃ ቤት ሁለተኛ አላወጣልህም» አሉ። «እኔ አመጣለሁ» አልሁ። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሮብ ገበያ ወጣሁና በሁለት አሞሌ ለወጥሁት። በመንገድ የጮቄ ነፋስ አጥንቴ ድረስ ገባ። ይበለኝ አልሁ፤ ጨዋታም አልነበረም፤ ከልቤ ነው ይበለኝ ያልሁት።

ጉድጓዱን ክንድ ያህል አጠለቅሁት። ከሰል፣ ጨው፣ ከሰል፣ ጨው እያልሁ ደለደልሁ፤ ከላይ በየሳምንቱ ውኃ የማጠጣበት የሸክላ ቱቦ ተከልሁ። የፓምፑንም ሽቦ ለወጥን። አያ ፍስሐዬ ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። አምፑሏን ስናገናኛት በዚያ በደረቀ መጋቢት እንደ ነሐሴው በራች።

ግን ወደ ፓምፑ የሚቀርብ ጠፋ። «ሰይጣን አለበት» ተባለ። ሴቶቹ ውኃ ከወንዝ መቅዳት ጀመሩ፤ የሕሙማኑ ልብስ ተከመረ። አያ ፍስሐዬ «አስረክባቸው እንጂ» አሉኝ። ጫማዬን አውልቄ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆምሁ። ፓምፑ እያጓራ፣ መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ነካሁ፤ ቀጥሎ መዳፌን ሙሉ አሳረፍሁበት። ሴቶቹ አዩኝ፤ ንቅንቅ ያለ የለም። እኔማ የፈረንጁ ደብተራ ነኝ፤ ድግምት አለው ይላሉ።

ያን ጊዜ አንጓች ከክፍሉ ወጣች። ሰው ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ድንጋዩ ላይ ቆመችና ጨርቁን ከጣቶቿ ጫፍ ፈታች።

«በደህናው ይሁን፣ እታለም» አልኋት።

«የለም። የሚያውቀው ይኼኛው ነው።»

የቆሰሉትን ጣቶች ብረቱ ላይ አኖረች። ወደ ሴቶቹ ዞራ «ቀዝቃዛ ነው» አለች። ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው መጡ።

ፒንሳውን ያን ዕለት አላገኘሁትም። በሌላ ሰው መሣሪያ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ጣሊያን ሲወጣ የሞተር ቤቱን ሰሌዳ ሰባብሮ፣ ሽቦውን ቆራርጦ ነው የሄደ። እኔና አያ ፍስሐዬ ከፍርስራሹ ማብሪያውንም ባልቦላውንም ለቃቅመን፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የሐኪም ቤቱን ፓምፕ አስነሣን። ከተኙት ቁስለኞች መካከል ያ አጎቴ ነበር። ውኃውን በቅል ጠጥቶ «ጧፍ ለኳሹ፣ ይችማ ውኃ ናት» አለኝ፤ ይቅርታው እሱ ነው። አያ ፍስሐዬ ወደ አገራቸው ሲነሡ ፒንሳውን በኮቴ ኪስ ከተቱልኝ። «አሁን መሬት ታውቃለህ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ዲፕሎማ የለኝም፤ ብጠየቅም ይህንኑ ቃል ነው የማሳይ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርቻለሁ። የአምበር ከተማን የመጀመሪያ የወፍጮ ሞተር የተከልሁ እኔ ነኝ። በየወረዳው ትምህርት ቤት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ሽቦ ዘርግቻለሁ፤ አለቆችም መጥተው አለቆች ሄደዋል፤ አንዳንዱ ደግ፣ አንዳንዱ ማኅተም ብቻ። እኔ የመሬት ሽቦ ያሰርሁለት ብረት ግን ከዚያች መጋቢት ወዲህ ሰው አልያዘም። ይህን ስናገር እኮራለሁ፤ መኩራትም መብቴ ነው። በየዓመቱ መጋቢት ሲብት ጨው በጨርቅ ቋጥሬ ወደ ጓሮው እሄዳለሁ፤ በቱቦው አፈስሳለሁ፣ አጠጣለሁ፣ እነካለሁ። አንጓችም ትመጣለች። ልብስ ማጠቡን ከተወች በኋላም አልቀረችም። ጣቶቿን ታኖርና «ቀዝቃዛ ነው» ብላ ትሄዳለች።

እንግዲህ የዘንድሮው መጋቢት፣ ጡረታ ከተባልሁ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ጨዌን ይዤ ስሄድ አሮጌው ፓምፕ የለም። በቦታው አዲስ ተተክሏል። ኢንጂነር ዳምጤ የሚባል፣ በእኔ ቦታ የመጣ ጎልማሳ ባለ መርፌ የኮረንቲ መለኪያ ይዞ አጎንብሷል። አይቶኝ ብድግ አለ።

«ጋሽ ይሁኔ፣ በዚህ ፀሐይ ለምን ደከሙ? ሦስት ረጃጅም የመዳብ ዘንግ መትቼበታለሁ፤ ከእርጥቡ ደርሷል። ጨው አያስፈልገውም አሁን።» መለኪያውን አሳየኝ፤ መርፌዋ ጥሩ ቦታ ላይ ናት። እውነቱን ነው፤ ከእኔ ጉድጓድ የተሻለ ሥራ ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ከኋላዬ የምርኩዝ ድምፅ መጣ። አንጓች ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ ወገቧ ጎብጧል። አዲሱን ፓምፕ ላይ ታች አየችው።

«አንተ ነህ የሠራኸው፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ራስህ ነክተኸዋል?»

ዳምጤ መለኪያውን አየ፤ እኔን አየኝ። ሊያስረዳት ነው ብዬ ጠበቅሁ። እርሱ ግን መለኪያውን መሬት አስቀምጦ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከተተና ብረቱን በቀኝ እጁ ጀርባ ነካ።

«ይህንን ማን አሳየህ?» አልሁት።

«የድሮ ሠራተኞቻችን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት፣ ጋሼ። ከማን እንደመጣ እንጃ።»

አንጓች ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ ቀረበች። የማይዘረጉትን ሁለት ጣቶች ብረቱ ላይ አኖረች። ፓምፑ ይሠራል፤ ውኃው ይወርዳል። ቆየች፤ ከሌላው ዓመት ይልቅ ቆየች።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በል ይሁኔ፣ አሁን ጡረታህን ውጣ።»

በእጄ የጨው ቋጠሮ ነበር። ወዴት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ እጇን ዘረጋችና ወሰደችው።

«ይኼማ ለወጥ ነው» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ምርኩዟን መለስሁላትና እስከ ቤቷ ሸኘኋት።